ሕጉ ቀን ይሰጣል፤ አስታማሚው የሚቸገረው በሰዓት ነው

(ለሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ ለፈረቃ ተቆጣጣሪዎችና ለመሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር አመራሮች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራንና ክቡራት፣

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81ን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳይገርመው አይቀርም። ሠራተኛው እናቱ ስትሞት ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ያገኛል። እናቱ ታማ ስትተኛ ግን፣ ጉዳዩ ልዩና ከባድ ነው ከተባለ፣ የሚያገኘው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ፣ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ። ለመቅበር ይከፈላል፣ ለማስታመም አይከፈልም።

አዋጁ ግን ዝቅተኛውን ወለል ነው ያስቀመጠው። ከወለሉ በላይ ያለው በሥራ ደንብና አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ በሚዋዋሉት ኅብረት ስምምነት የሚሞላ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁትም እነዚያን ሁለት ሰነዶች የምትጽፉ ሰዎች ናችሁ። የዛሬው ንግግር ስለ ርኅራኄ አይደለም፤ ስለ ሰዓት ድልድል፣ ስለ መዝገብና ስለ ሥራ ደንብ አንቀጽ ነው።

አስታማሚ ስንል ማንን ነው? በኛ አገር ሆስፒታል የተኛ ሰው አስታማሚ ያስፈልገዋል፤ የግድ ነው። መድኃኒቱ ግቢው ውስጥ ከሌለ ከውጭ የሚገዛው፣ ናሙናውን ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ ምግብ የሚያመላልሰው፣ ደም ሲታዘዝ ለጋሽ የሚፈልገው፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር አንጥፎ የሚተኛው እሱ ነው። ተመላላሽ ታካሚ ያለው ደግሞ ካርድ ለማውጣት ገና ሳይነጋ ይሰለፋል። ከዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የማይቆጠር አስታማሚ አለ፤ ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ዘመድ የሚያርፍበት የአዲስ አበባው ሠራተኛ። አጎቱ ለጨረር ሕክምና መጥተው ከሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት ያመላልሳቸዋል። ሕክምናው ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ቀኑን የሚበላው ወረፋው ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላት እናት፣ አባቱ ከስትሮክ በኋላ አልጋ የያዙበት ልጅ፣ መርሳት የጀመራቸው አያት ያሏት የልጅ ልጅም እዚሁ ውስጥ ናቸው። የእነዚህ እንክብካቤ ማለቂያ ቀን የለውም።

ታዲያ እነዚህ ሠራተኞች የሚቸገሩት በምንድን ነው? አብዛኛው ችግር የሙሉ ቀን አይደለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ቀን፣ ቤት ያለችው ሠራተኛ ድንገት ጥላ ስትሄድ ሁለት ሰዓት። የፈቃድ ሥርዓታችን ግን በሙሉ ቀን፣ ያውም በተከታታይ ቀን የተሰፋ ነው። የዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለቱ የአገልግሎት ዓመት አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ቢስማማም ፈቃዱ የሚከፋፈለው ለሁለት ብቻ ነው፤ በሰዓት መቆራረጥ የታሰበበት አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት የፈለገ ሰው ወይ ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ይዘገያል። አሠሪው በሦስቱም ይከስራል፤ ኪሳራው ግን «የሥራ ዲሲፕሊን» በሚል ርዕስ ስለሚመዘገብ ከየት እንደመጣ አይታይም።

ሌሎች አገሮችም ይህን የተማሩት ዘግይተው ነው። ጃፓን ለአንድ ተንከባካቢ የሚያስፈልገው የቤተሰብ አባል በድምሩ 93 ቀን፣ እስከ ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ የሚወሰድ ፈቃድ አላት። ከእሱ ሌላ በዓመት አምስት ቀን የሚሰጠው አጭር ፈቃድ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት እየተቆረጠ እንዲወሰድ ተደርጓል። በብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኛ ከተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በዓመት የአንድ ሳምንት የእንክብካቤ ፈቃድ አለው። ደመወዝ የለውም፤ ግን በግማሽ ቀን ሊከፋፈል ይችላል፣ አሠሪውም ማስረጃ አምጣ ብሎ ማስገደድ አይችልም። የሳምንቱን ማነስ ትቼ ለእኛ የሚጠቅመኝን ልውሰድ፤ መቆራረጡንና ማስረጃ አለመጠየቁን።

መጀመሪያ ደንቡ ይስተካከል

አንቀጽ 27 የቅድመ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥ የሚያሰናብቱ ምክንያቶችን ሲዘረዝር፣ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት አለማክበርን ያነሣል፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ከሆነ። ስምንት ጊዜ በስድስት ወር ማለት በወር አንድ ጊዜ ከትንሽ በላይ ነው። በየሦስት ሳምንቱ እናቱን ለክትትል የሚያደርስ ሰው ሳያስበው እዚያ ቁጥር ላይ ይደርሳል። ይሁንና አንቀጹ አንድ በር ከፍቷል፤ መዘግየቱ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል በቂ ነው በተባለ ምክንያት ከሆነ አይቆጠርም። ብዙ ድርጅት ይህን በር ሳይጠቀምበት ይኖራል፤ የሥራ ደንቡ ስለ ባጅና ስለ ደንብ ልብስ ሦስት ገጽ ሲጽፍ ስለዚህ አንድ መስመር የለውም።

የሚጨመረው ዓረፍተ ነገር ረጅም አይደለም። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በሠራተኛው እንክብካቤ የሚደገፍ ሰው ድንገት በመታመሙ፣ በሕክምና ቀጠሮው ወይም የሚጠብቀው ሰው በመጥፋቱ ሠራተኛው የዘገየ እንደሆነ፣ በዚያው ዕለት ለቅርብ ኃላፊው ካሳወቀ መዘግየቱ በቂ ምክንያት እንዳለው ይቆጠራል።» በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «የቤተሰብ አባል» አላልንም። የሐዘን ፈቃዱ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ዘመድ ድረስ ይቆጥራል፤ ለእንክብካቤ ግን ያ መስፈሪያ አይሠራም። ያሳደገችው አክስቱ ከወላጅ እናቱ በላይ ልትሆን ትችላለች፤ ጎረቤት አሮጊት ያለ እሱ የሚያበላቸው ላይኖር ይችላል። መመዘኛው ዝምድና ሳይሆን ታማሚው በማን ላይ ተደግፏል የሚለው ይሁን። ሁለተኛ፣ «በዚያው ዕለት» ብለን ገደብ አድርገናል። ይህ ከሌለ አንቀጹ ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም የሚጠቅሰው ሰበብ ይሆናል፤ ተቆጣጣሪዎችም ይጠሉታል።

ስለ መቅረት ግን ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን አይበቃም። ሙሉ ቀን የቀረ ሠራተኛ ቀኑ በየትኛው የፈቃድ ዓይነት እንደሚመዘገብ በደንቡ አስቀድሞ ይወሰን፤ ከዓመት ፈቃድ፣ ከአንቀጽ 81 ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወይስ ድርጅቱ ከሚጨምረው። «በኋላ እናየዋለን» ተብሎ የታለፈ ቀን ነው ኋላ ሠራተኛ ጉዳይ ችሎት የሚደርሰው። እዚያ ከደረሳችሁ ደግሞ አንቀጽ 26 የቤተሰብ ኃላፊነትን ሥራ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊሆኑ ከማይችሉት መካከል በስሙ እንደጠቀሰው አትርሱ። ኢትዮጵያም የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የሚደነግገውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 ካጸደቀች ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ዘመናት አልፈዋል። ስምምነቱ የሚናገረው ስለ ልጆች ብቻ አይደለም፤ እንክብካቤ ስለሚሹ ሌሎች የቅርብ ቤተሰብ አባላትም ነው።

ሰዓቱ እንዴት ይደለደላል?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሒሳቡ ላይ ነው።

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። አንቀጽ 63 የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈልን ይፈቅዳል፤ ግን በየቀኑ ከ8 ሰዓት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ መጨመር አይቻልም። ይህን በኩላሊት እጥበት እንየው። አንድ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ነው፤ መሄጃ፣ መመለሻና ማረፊያ ሲጨመር ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ይወስዳል። ሦስት ጊዜ የሚታዘዝለት ታማሚ በዋጋው ምክንያት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚገባበት አጋጣሚ ብዙ ነው። አባቱን ማክሰኞና ዓርብ የሚያስገባ ሠራተኛ በሁለቱ ቀናት አራት አራት ሰዓት ሠርቶ ቢወጣ በሳምንት 8 ሰዓት ይጎድለዋል። በቀሩት አራት ቀናት ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጨምር፣ አራት ጊዜ 10፣ ሁለት ጊዜ 4፣ ድምሩ 48። ሕጉ ከሚፈቅደው ጣሪያ ጋር ልክ ይገጥማል፤ አንዲት ደቂቃ አይተርፍም።

በወረቀት ያማረ ነው። በሥራ ላይ ግን ይሄ ሰው በሳምንት አራት ቀን አሥር ሰዓት ቆሞ፣ ማታ ደግሞ በሽተኛ ሊያገላብጥ ነው የሚገባው። መቁረጫ ማሽን፣ ፕሬስ ወይም ሹፌርነት ላይ ከሆነ የአደጋው ሰዓት ያ አሥረኛው ሰዓት ነው። ስለዚህ የምንመክረው ግማሽ በግማሽ ነው፤ አራቱን ሰዓት ሠራተኛው በቀን አንድ አንድ ሰዓት እየጨመረ ይመልስ፣ አራቱን ድርጅቱ ይሸፍን። የድርጅቱ ድርሻ ለሁልጊዜ እንዳይሆን ሦስት ወር ላይ እንደገና ይታይ። የተለወጠው ሰዓት ደግሞ በጽሑፍ፣ በሁለቱም ፊርማ ይሁን። አንቀጹ የሥራውን ጠባይ ስለሚጠቅስ፣ የግል ጉዳይም እንደ ምክንያት እንዲያዝ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ቢገባ ሰነዱ ይበልጥ ይጠነክራል።

እጥበቱ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከሆነስ? 12 ሰዓት ይጎድላል፤ በቀሩት ሦስት ቀናት በሕጉ ሊመለስ የሚችለው 6 ብቻ ነው። በማከፋፈል አይፈታም፤ ብዙ ተቆጣጣሪ ግን «እንደምንም ይመልሰው» ብሎ ሕግም ጤናም ይጥሳል። መፍትሔው ፈረቃ መቀየር ነው። ሦስት ፈረቃ ባለበት ፋብሪካ ሠራተኛውን በቋሚነት ወደ ማለዳ ፈረቃ አስገብቶ የታማሚውን እጥበት ወደ ከሰዓት በኋላ ማዛወር ይቻላል። ለዚህም ድርጅቱ ለሕክምና ተቋሙ «ሠራተኛችን በዚህ ሰዓት ነፃ ነው» የሚል የአንድ አንቀጽ ደብዳቤ ቢጽፍ ይረዳል። ይህ ደብዳቤ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚጽፈው ግን እምብዛም ነው።

ቋሚ ላልሆነው ችግር የምናቀርበው የማስታመሚያ ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት 40 ሰዓት፣ ከነደመወዙ፣ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እየተቆረጠ የሚወሰድ፣ ወደሚቀጥለው ዓመት የማይዛወር፣ በገንዘብ የማይለወጥ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ገደቦች የግድ ናቸው፤ በገንዘብ ከተለወጠ የማያስታምመውም ሰው መብቱን ሊያስከብር ይሰለፋል። ዋጋውን ለሥራ አመራር ስታቀርቡ በሰዓት አስሉት። 120 ሠራተኛ ያለው ድርጅት በዓመት 50 ሳምንት ይሠራል ብንል 288,000 የሥራ ሰዓት አለው። ከ120ው ሃያዎቹ 40ውን ሰዓት አሟጠው ቢወስዱ 800 ሰዓት ነው፤ ከመቶ 0.3 አይሞላም። ይህን አጠገቡ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩት፤ ሥራ አመራሩ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ያላየው የአንድ ዓመት የመዘግየት ድምር።

ወረቀቱ፣ አለቃውና ገንዘቡ

የማስረጃ ጥያቄ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ደንብ የሚበላሸው። ለአስታማሚ የሚጻፍ የሕመም ፈቃድ የለም። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? በራሱ ስም የሐኪም ወረቀት ይለምናል። የሕመም ፈቃዱ ደግሞ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ሆኖ በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም። ለእናቱ የበላው ቀን እሱ ራሱ ሲታመም ይጎድለዋል። ከዚያ የከፋው፣ ያቺ ወረቀት ሐሰተኛ ሆና ከተገኘች የማታለል ድርጊት ተብላ ልታሰናብተው ትችላለች። ታማኝ ሠራተኛ ወደ ውሸት የሚገፋ ደንብ ካላችሁ ችግሩ ከሠራተኛው ሳይሆን ከደንቡ ነው።

የሚበቃው ማስረጃ የቀጠሮ ካርዱ ነው፤ ማኅተሙና ቀኑ ታይቶ ይመለስ፣ ፎቶ ኮፒ አይደረግ። የበሽታው ስም አይጠየቅ። ኤች.አይ.ቪ.፣ የአእምሮ ሕመም ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛው የዘመዱን ገመና አውጥቶ ሰዓት መግዛት የለበትም። ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ማሳየት ይበቃል። በየቀጠሮው ወረቀት መጠየቅ የሚያስገኘው ቁጥጥር ሳይሆን ተጨማሪ ወረፋ ነው፤ ማኅተም ለማስመታት ብቻ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል።

ለሁለት ሰዓት ፈቃድ ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ ድርጅት ፈቃድ እንደሌለው ቁጠሩት። የፈረቃው ተቆጣጣሪ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በስልክ ወይም በቴሌግራም መልእክት በቦታው እንዲፈቅድ ሥልጣን ይሰጠው፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ሰው ሀብት ይሂድ። እዚህ ላይ የሚመጣው ጥፋት ይታወቃል፤ ለአገሩ ልጅ ፈቅዶ ለሌላው ይከለክላል። ስለዚህ የፈቀደውም የከለከለውም በዚያው ዕለት በአንድ መዝገብ ይስፈር፤ ቀን፣ የሰዓት ብዛት፣ ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ። የበሽታ ዓምድ አይኑረው። ሰው ሀብትና ማኅበሩ በየሦስት ወሩ አብረው ይዩት። በመዝገቡ ውስጥ አንድም ወንድ ከሌለ እሱም ዜና ነው፤ ወንዶቹ አያስታምሙም ማለት ላይሆን ይችላል፣ «ሚስት የለህም ወይ?» መባልን ፈርተው በዓመት ፈቃድ እየደበቁት ሊሆን ይችላል።

ስልክ በር ላይ የሚያስቀምጡ ፋብሪካዎች አሉ። ሥራው ካስገደደ ይሁን፤ ግን በማምረቻው ክፍል አንድ ስልክ ይኑር፣ ቁጥሩ ለሠራተኛው ቤተሰብ ይሰጥ፣ የሚያነሳው ሰውም ይታወቅ። ልጇ የሚጥል በሽታ ያለባት እናት ስምንት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳትሰማ ስትሠራ እጇ እንጂ ሐሳቧ መስመሩ ላይ አይደለም።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። ሕመም መጀመሪያ የሚያናጋው ኪስ ነው። ዕድር በአብዛኛው የሚደርሰው ለሞት ነው፤ ዕቁብም ተራው እስኪደርስ ይጠበቃል። የደመወዝ ብድር ስትሰጡ ወርኃዊ ተቀናሹ ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል፤ ለአስታማሚ ግን ከዚያም ዝቅ አድርጉት፣ መመለስ የሚጀምርበትንም ሁለት ወር ግፉለት።

ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ሰው ሥራ ለመልቀቅ ማመልከቻ ይዞ ሲመጣ ቶሎ አትቀበሉ። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው የፈቀደው ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሥራ ውልን ለጊዜው ሊያግድ ይችላል፤ ውሉ አይቋረጥም፣ ቦታው ይጠበቃል። ደብዳቤው የመመለሻውን ቀን፣ የሕክምና ሽፋኑ ይቀጥል እንደሆነ፣ ስለ ጡረታ መዋጮውም በግልጽ ይናገር። መዋጮው ከደመወዝ ላይ 7 ከመቶ ከሠራተኛው፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው የሚሰላ ስለሆነ ደመወዝ በሌለበት ወር ምን እንደሚሆን ሠራተኛው ሳይፈርም በፊት ይወቅ።

ከአዳራሹ ከተነሡት ጥያቄዎች

«የቀሩት ሠራተኞች ሸክሙን ለምን ይሸከማሉ?» ያለ ክፍያ ሊሸከሙት አይገባም። ሽፋኑ ትርፍ ሰዓት ከሆነ እንደ ትርፍ ሰዓት ይከፈል፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይብለጥ። ለእያንዳንዱ ወሳኝ ማሽንና ሒሳብ ሥራ ሁለተኛ የሠለጠነ ሰው ይኑር። ይህ ለአስታማሚ ብቻ አይደለም፤ ሰው በወባም ይተኛል።

«ስንት አስታማሚ እንዳለን እንዴት እናውቃለን?» አስታማሚ ነህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ልጅነቱን እንጂ አስታማሚነቱን የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው። ስም በሌለበት ወረቀት «ባለፉት ሦስት ወራት ለሌላ ሰው ሕክምና ወይም ጥበቃ ስትሉ ስንት ጊዜ ዘገያችሁ፣ ወጣችሁ፣ ቀራችሁ? ከየትኛው ፈቃድ ሞላችሁት?» በሉ። ወረቀቱን ተቆጣጣሪው አይሰብስበው፤ ሳጥን ይቀመጥ።

«ስምንት ሠራተኛ ብቻ ያለው ድርጅትስ?» ስምንት ሰው ባለበት 40 ሰዓቱ ሊከብድ ይችላል፤ 16 አድርጉት። ፈረቃ ስለማይኖር የሥራ መግቢያውን አላሉት፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው መካከል የገባ በዚያው ልክ አምሽቶ ይውጣ። የመዘግየቱን አንቀጽ ግን ሳትቀንሱ እንዳለ በሥራ ውሉ ውስጥ አስገቡት፤ አንቀጽ 27 ለዚህ የሥራ ውልንም ይቀበላል።